ብሎን የሌለው ሬዲዮ

ደክሞናል። በደብረ ታቦር ሬዲዮው ወይም ሚሞሪ የምታጫውተው ትንሿ ስፒከር የተበላሸችበት ሰው ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ሆኗል፤ «ጋሼ፣ ይኼን ከማሠራት አዲስ ቢገዙ ይሻልዎታል።» አዲስ ወደሚሸጠው ባለ ሱቅ ሲሄድ ደግሞ፣ «የአሁን ዕቃ ዕድሜ የለውም፤ እዚሁ ሞክረው ይውሰዱ፣ ከወጡ በኋላ ግን አንቀበልም» ይባላል። ጠጋኙ በአሮጌው ተስፋ ቆርጧል፤ ሻጩ በአዲሱ አያምንም። በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ምን ይወስን? አብዛኛው አይወስንም። ዕቃውን በፌስታል ቋጥሮ ወደ ቤቱ ይመለስና ከአልጋ ሥር ያኖረዋል። ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ያልተኛበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል።

«ዘፈን መስሚያ አይደል፣ ቢቀርስ?» የሚል አይጠፋም። ቢቀር ብዙ ነገር ይቀራል። በጉና ተራራ ሥር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሬዲዮውን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚውለው። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከተማውን ሲያለብሰውና መብራት ሲሄድ፣ ቤት ውስጥ የሚሰማው ብቸኛ ድምፅ የሬዲዮው ነው። ዓይናቸው ደክሞ መጽሐፍ ማንበብ የተሳናቸው እናቶች መዝሙሩንም ስብከቱንም የሚሰሙት ልጆቻቸው በሚሞሪ አስጭነው ባመጡላቸው ስፒከር ነው። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚማርባቸው፣ በድጓ ምስክርነቷ የታወቀችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት መገኛዋ ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው። ዜማ የሚያጠና ተማሪ የመምህሩን ድምፅ ቀድቶ ሌሊት ሲደግመው፣ ያቺ ርካሽ ማጫወቻ ለእሱ የትምህርት መሣሪያ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜማ ዩቲዩብም ቴሌግራምም አልነበረም። ያኔ ሙዚቃውም ስብከቱም ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገረው በፍላሽና በሚሞሪ ነበር። ይህን ዕቃ እንደ ትርፍ ነገር የሚያይ ሰው ሌላ ብዙ አማራጭ ያለው ሰው ነው።

ቴፕ የነበረበት ዘመን ሰው ችግሩን ያውቀው ነበር። ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ሶኒም በ1979 ዎክማንን ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በገጠሩም በከተማውም የነበረው ቴፕ ሁሉ የሚታመመው በሚታወቅ በሽታ ነበር። ዘፈኑ እየተጎተተ ዘፋኙ የሰከረ ሲመስል ላስቲኩ ለቋል ማለት ነው፤ ላስቲኩ ይቀየራል። ድምፁ ሲታፈን ክሩን የሚያነበው «ሄድ» ቆሽሿል ማለት ነው፤ በጥጥና በአልኮል ይጠረጋል። ካሴቱን ሲበላው ክሩ በቢክ እስክሪብቶ ይጠቀለላል፤ ከተበጠሰም በፕላስተር ይቀጠላል። ከጀርባው ያሉት ብሎኖች በካቻቢቴ ተፈትተው ሆዱ ሲከፈት፣ ሞተሩም፣ ላስቲኩም፣ ጥርሱም ተለይቶ ይታያል። የሚታይ ነገር ይጠገናል። ጠጋኙ ዘንድ በመደርደሪያ የተቆለሉት የሞቱ ቴፖችም ሞተው የቀሩ አልነበሩም። የአንዱ ሞተር ለሌላው፣ የሌላው ስፒከር ለሦስተኛው ይነቀል ነበር።

የዛሬውን ክፈቱትና እዩ። መጀመሪያ ነገር የሚከፈትበት የለውም። ብሎን የለውም፤ በኮላ ተጣብቋል ወይም እርስ በርሱ ተነካክሶ ተቆልፏል። ጠጋኙ በቢላ ጫፍ ሲያላቅቀው የዕቃው ጠርዝ ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱም «ሰበርክብኝ» ብሎ ይጣላዋል። ተከፍቶ ሲታይ ደግሞ ከጣት የማይበልጥ ቦርድ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ስፒከር ነው ያለው። ቦርዱ መካከል ላይ ጥቁር ጠብታ የመሰለ ነገር ደርቆ ይታያል። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ቺፕ፣ አይሲው፣ በዚያ ሥር ተቀብሯል። ቁጥሩ አይነበብም፤ ቁጥሩ ካልታወቀ ምትኩ አይገኝም፤ ቢገኝም ነቅሎ የሚተካበት መንገድ የለም። ስለዚህ ጠጋኙ «ቦርዱ ነው» ይላል። ይህች ሁለት ቃል የስንቱን ሰው ሬዲዮ እንደ ቀበረች! «ቦርዱ ነው» ከተባለ በኋላ ክርክር የለም።

የሚያንገበግበን ዕቃው መበላሸቱ ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር፤ የሚበላሽ ዕቃ ሁልጊዜም ነበረ። ያንገበገበን፣ ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለውን ጥያቄ ገና ዕቃው ሳይገዛ ሌላ ሰው የወሰነልን መሆኑ ነው። ኮላውን የቀባው ፋብሪካ ወስኗል። መለዋወጫ ያላስመጣው አስመጪ ወስኗል። እኛ ደብረ ታቦር ላይ ሬዲዮ በእጃችን ይዘን የምናወጣ የምናወርደው፣ ያለቀ ውሳኔ ላይ ነው።

ይህ ነገር የጀመረው በእኛ አገር ርካሽ ዕቃ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 አፕል አይፖድን ሲያወጣ ባትሪውን ገዢው በቀላሉ እንዳይቀይረው አድርጎ ዘግቶት ነበር። ባትሪው ሲደክም ሰዎች ወደ ኩባንያው ሲደውሉ አዲስ ግዙ የሚል መልስ ይሰማሉ ብለው ሁለት ወንድማማቾች በ2003 ኒውዮርክ ውስጥ አጭር ፊልም ሠሩበት። በዚያው ዓመት አፕል በ99 ዶላር ባትሪ የመቀየር አገልግሎት ጀመረ፤ በባትሪው ጉዳይ የተከሰሰበትን ክስም በ2005 በስምምነት ዘጋ። እነሱ ጮኸው መልስ አገኙ። አይፖድ ራሱ በ2022 ምርቱ ቆመ፤ ዘግቶ የመሸጥ ልማዱ ግን አልቆመም። እየረከሰ እየረከሰ ሄዶ እኛ ዘንድ ደረሰ። እኛ ደግሞ የምንደውልለት ኩባንያ የለንም። በካርቶኑ ላይ ያለው ስም ዛሬ ታይቶ በሚቀጥለው ጭነት የሚጠፋ ነው።

ባትሪውንም ቢሆን እንነጋገርበት፣ ምክንያቱም ከብልሽቱ አብዛኛው እዚያ ነው። ሊቲየም ባትሪ ከጥቂት መቶ ጊዜ ቻርጅ በኋላ መድከሙ የተፈጥሮው ነው። ትልቅ የእጅ ባትሪ ውስጥም እንዲህ ባሉ ሬዲዮዎች ውስጥም የሚገባው ክብ ዓይነት፣ 18650 የሚባለው፣ ስሙን ያገኘው ከልኩ ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ምርጥ የተባለው እንኳ ከ3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት ብዙም አያልፍም። ገበያ ላይ ግን 9,900 ተብሎ የተጻፈበት ይሸጣል። ገዢው ትልቁን ቁጥር አይቶ ይከፍላል፤ ሬዲዮው ሁለት ዘፈን ሳይጨርስ ይጠፋል፤ ከዚያም ጥፋቱ ወደ ሬዲዮው ይዞራል። እውነተኛው ባትሪ ቢገባለት ኖሮ ሊሠራ የሚችል ዕቃ በውሸት ቁጥር ምክንያት ይጣላል። ይህ ማታለል ነው፤ ለስለስ ያለ ስም አያስፈልገውም።

ሚሞሪውም እንዲሁ ነው። «ሬዲዮዬ ሚሞሪ አልቀበል አለ» እያለ ወደ ጥገና ቤት ከሚሮጠው ሰው የብዙው ሬዲዮ ደኅና ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ካርድ አያነቡም፤ ባለ 64 የገዛ ሰው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ ላዩ ላይ የተጻፈበትን ያህል የማይዝ አስመሳይ ካርድ ነው። ዘፈን ሲጫንበት የጫነ ይመስላል፤ ከተወሰነ በኋላ ግን አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተጻፈ የነበረውን ያጠፋዋል። የእናት የለቅሶ እንጉርጉሮ፣ የእህት ሠርግ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ የመምህር ድምፅ እንዲህ ባለ ካርድ ላይ ጠፍቶ ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ። ዕቃው ቢጠፋ ይገዛል። ያ ድምፅ ከየት ይገዛል? ስለዚህ ማንም ሰው ሬዲዮውን ከመጣሉ በፊት የሌላ ሰው ሚሞሪ አስገብቶ፣ በሌላ ቻርጀርና በሌላ ገመድ ሞክሮ ማየት አለበት። ይህ ምንም አያስከፍልም፤ ብዙ ዕቃም ያድናል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ ድካሙ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባው ሁሉ አብሮ ወጣ። «ከማሠራት አዲስ ይግዙ» የሚለው ምክር ዕቃው ርካሽ በነበረ ጊዜ የተለመደ ምክር ነው፤ ርካሽነቱ ከሄደ በኋላ ምክሩ ብቻውን ቀረ። መለዋወጫውም ያው ነው። የቻርጀር መሰኪያ የምታህል ትንሽ ነገር ከመርካቶ ተነሥታ፣ ወይም ከባህር ዳር በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ነው የምትደርሰን። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ትመጣለች፤ ካልሆነ «ነገ ይምጡ» እየተባለ ሳምንት በሳምንት ይተካል። ጠጋኙ ዋሽቶ አይደለም። እሱም እየጠበቀ ነው። ግን ሰው ከጋሳይ፣ ከክምር ድንጋይ ድረስ ለገበያ መጥቶ ሬዲዮውን ሳያገኝ ሲመለስ የሚናደደው በጠጋኙ ላይ ነው፤ ከፊቱ ያለው እሱ ብቻ ነውና።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍስ እስከ መቼ እያነበብን እንገዛለን? በየሱቁ ግድግዳ ተለጥፏል፤ በየደረሰኙ ግርጌ ታትሟል፤ ብዙው ሰው ሕግ ይመስለዋል። ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መብቱ በወረቀት ላይ አለ። ግን ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ሰው በምን ያስረዳ? ለአንድ ሬዲዮ ብሎ ማን ሥራ ፈትቶ ቢሮ ለቢሮ ይመላለሳል? እኔም አዲስ የገዛኋት ማጫወቻ ገና በሳምንቷ አልሞላ ስትለኝ ወደ ሸጠልኝ ሱቅ ይዣት ሄጄ ነበር። ሻጩ በጨዋ ቃል፣ «ወንድሜ፣ እኔም እንዲሁ ታሽጎ ነው የመጣልኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱ ያመጣበት ጅምላ ሻጭም ያንኑ ይለዋል። ኃላፊነቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸሽ ሲሸሽ መጨረሻው ገዢው ላይ ያርፋል።

ስለ ጠጋኞቹም መናገር አለብኝ፤ እሮሮው እነሱን የሚጨምር ነውና። ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁት ሰዎች እየቀነሱ ነው። ወጣቶቹ ወደ ሞባይል ጥገና ዞረዋል፤ እዚያ መለዋወጫ አለ፣ ገንዘብም አለ። ሬዲዮ የሚነካ ሲገኝ ደግሞ ደንበኛው ለእጁ መክፈል አይፈልግም። «ምን አደረግህለት? ሽቦ አይደል የቀጠልከው?» ይባላል። ያችን የተበጠሰች ሽቦ ለማግኘት ቴስተሩን ይዞ የፈጀው ሰዓት አይቆጠርለትም። መርምሮ «አይሠራም» ካለማ ጭራሽ አምስት ሳንቲም አያገኝም። እንዲህ ከሆነ ለመመርመር ምን ያነሣሣዋል? ሳይከፍት «ቦርዱ ነው» ብሎ መመለስ ይቀለዋል። ሐኪም መድኃኒት ባያዝም የመረመረበትን ይከፈለዋል፤ ጠጋኝም ሊከፈለው ይገባል። ለምርመራ የማንከፍል ከሆነ ምርመራ አናገኝም፤ የምናገኘው ግምት ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በደብረ ታቦር መሆኑ ያሳዝነኛል። ጋፋት ከከተማችን አጠገብ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. አውሮፓውያኑን ሚሲዮናውያን ከአገሩ ሰዎች ጋር አሰልፈው መድፍ ያስቀለጡባት፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራባት ቦታ ናት። ዛሬ ስለ ሴባስቶፖል ስንናገር ትልቅነቱን እናነሣለን። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዝ መንግሥት ሲጽፉ የእጅ ጥበብ ያላቸው ሰዎች እንዲላኩላቸው ጠይቀዋል። ዕቃ በመርከብ ተጭኖ ሲመጣ ሲሰበር እንደሚቀር፣ ሠሪው ካለ ግን የተሰበረው እንደሚነሣ የገባቸው ይመስለኛል። የተጠቀሙበት ዓላማ ጦርነት ነበር፤ መጨረሻውም መቅደላ ላይ ሆነ። አሳቡ ግን ዛሬም ትክክል ነው። ዕቃ ብቻ የሚያስመጣ፣ የሚጠግን እጅ የሌለው አገር ዕቃው ሁሉ የውሰት ነው።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ሕግ እያወጡለት ነው። ፈረንሳይ በ2021 እ.ኤ.አ. ስልክና ቴሌቪዥንን በመሳሰሉ ዕቃዎች ላይ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚቀሉ ከ10 የሚሰጥ ነጥብ እንዲለጠፍ አስገደደች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ መሠረት ከ2027 ጀምሮ በእጅ በሚያዙ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣውና ሊተካው የሚችል እንዲሆን ወስኗል። እዚያ ብሎን በሕግ ሊመለስ ነው። እዚህስ? ያ ሕግ የማይፈቅደው የታሸገ ዕቃ ወዴት እንደሚላክ መገመት አያቅትም። በ2022 ዓለም የጣለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን እንደ ደረሰ፣ ከዚህም በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡን እንደማይሞላ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ዘገባ ይናገራል። በእኛ ሰፈር የሞተ ባትሪ ከአመድና ከድንች ልጣጭ ጋር ይጣላል፤ ያበጠውን ልጆች አንሥተው በድንጋይ ይቀጠቅጡታል። ሊቲየም ሲበሳ እንደሚቃጠል የነገራቸው የለም።

እንግዲህ ይጠገን ወይስ ይቀየር ለሚለው ሰው እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ባትሪው ከሆነ የደከመው፣ ሳይከራከሩ ማሠራት ነው። የቻርጀር መሰኪያው ከላላ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ከተሰበረ፣ ድምፅ ማስተካከያው ከተንኮሻኮሸ፣ የስፒከሩ ሽቦ ከተበጠሰ፣ እነዚህ ሁሉ በሊድና በጥቂት ትዕግሥት የሚመለሱ ናቸው፤ ማሠራት ነው። ውኃ የገባበትን ሳያበሩ፣ ባትሪውን አውጥተው፣ አድርቀው ቶሎ ወደ ጠጋኝ መውሰድ ነው። ቦርዱ በእርግጥ ከሄደ፣ ያውም ተከፍቶ በቴስተር ታይቶ ከሆነ፣ ያኔ ይበቃዋል። ግን አይጣል፤ ለጠጋኙ ይሰጥ። ስፒከሩ ለሌላ ሰው ሬዲዮ ይሆናል። አሮጌ ቴፕ ያለው ሰው ደግሞ፣ ካሴቶቹ ላይ የማይተካ ድምፅ ካለ፣ ቴፑን አሠርቶ ድምፁን ወደ ሚሞሪ እስኪያስገለብጥ ድረስ ከእጁ አያውጣ። የአባትህን ድምፅ የምታወጣልህ ያቺ አሮጌ ዕቃ ብቻ ልትሆን ትችላለች።

አዲስ ለመግዛት የተገደደ ሰው ከዕቃዋ ቀለምና ከመብራቷ በፊት ገልብጦ ጀርባዋን ይይ። ብሎን አላት ወይ? ባትሪዋ ተከፍቶ ይወጣል ወይ? ይህን ባለ ሱቁን ይጠይቀው፤ ደረሰኝም ያስቆርጥ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ሻጩ ትከሻውን ይሰብቃል። ገበያተኛው ሁሉ ሲጠይቅ ግን ለጅምላ ሻጩ ይነግረዋል፤ እሱም ለአስመጪው ይነግረዋል። የንግድ ቢሮዎች የ15 ቀኑን መብት በየሱቁ ግድግዳ ላይ፣ በዚያ በሐሰተኛው ማስታወቂያ ቦታ ያስለጥፉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ለወጣቱ ከሞባይል በተጨማሪ የሬዲዮና የስፒከር ጥገናን ያስተምሩት። እኛ ደግሞ ለጠጋኙ የእጁን እንክፈለው። ሁሉም በእጃችን ያለ ነገር ነው። እስከዚያው ድረስ ግን እሮሯችንን አናቆምም፤ ዝም ባልን ቁጥር የሚመጣልን ዕቃ ይበልጥ የታሸገ፣ ይበልጥ የማይከፈት ይሆናል።